ሰሌዳው የጠፋ አክስል

ዓርብ ከቀትር በፊት ፔታህ ቲክቫ ውስጥ ስጉላ ወደሚባለው የኢንዱስትሪ ሠፈር የገባ ሰው ጋራዡ ሁሉ ሲጣደፍ ያገኘዋል። ሰንበት ሳይገባ መዘጋት አለበት፤ ባለ መኪናው ደግሞ ሁሉም ዛሬውኑ ይለቀቅልኝ ይላል። በዚህ ጥድፊያ መሃል ጎማው ወደ ውስጥ ያዘነበለ ትንሽ የዕቃ ተሳቢ ተጎትቶ ሲመጣ መካኒኩን ደስ አይለውም። መኪና ቢሆን ኖሮ ቀላል ነበር። የሰሌዳ ቁጥሩ ኮምፒውተር ውስጥ ሲገባ ሞዴሉና የተሠራበት ዓመት ይወጣል፣ ከዚያ የመለዋወጫው ቁጥር ይከተላል። ተሳቢ ግን እንደዚያ አይደለም። በመካኒኩና በባለቤቱ መካከል የሚደረገው ንግግርም ብዙ ጊዜ ይህን ይመስላል፦

«ጋሼ፣ አክስሉ የማን ሥራ ነው?»

«እኔ ምን አውቄ ልጄ። ስገዛውም እንዲሁ ነበር።»

«የሸጠልዎት ሰውዬስ አያውቅም?»

«እሱም ከሌላ ሰው ነው የገዛው።»

ነገሩ ከዚህ በላይ አይሄድም፤ ግን ባለቤቱ ስለማያውቁ የሚወቀሱበት ምክንያት የለም። እስራኤል ውስጥ ተሳቢ የራሱ ሰሌዳና የራሱ ፈቃድ አለው፣ በየጊዜውም ለቴስት፣ ማለትም ለቴክኒክ ምርመራ፣ ይቀርባል። በፈቃዱ ላይ የሻንሲ ቁጥሩና የተፈቀደለት ጠቅላላ ክብደት ተጽፏል። ከሥር ያለው አክስል በየትኛው ፋብሪካ እንደተሠራ ግን ከዚያ ወረቀት አይገኝም። ተሳቢ የሚሠራ ወርክሾፕ ሻንሲውን ራሱ ይበይዳል፤ አክስሉን፣ ባሌስትራውንና መጎተቻ አንገቱን ግን ከየአምራቹ ገዝቶ ነው የሚገጥመው። ስለዚህ የተሳቢው ስም አንድ ነገር፣ የአክስሉ ስም ሌላ ነገር ነው። አሥራ ሰባት ፊደልና ቁጥር ያለው የሻንሲ መለያም ቢሆን የሚናገረው ስለ ተሳቢው ሠሪ ነው።

ከኢትዮጵያ የመጡ ቤተሰቦች በሚኖሩባቸው የከተማዋ ሠፈሮች ተሳቢ ሥራ አይፈታም። ለሠርግ ድንኳንና ወንበር ያጓጉዛል፣ ለለቅሶ ትልልቅ ድስትና የጋዝ ምድጃ ይጭናል፣ አትክልተኛው የቆረጠውን ቅርንጫፍ ይወስድበታል። ለስግድ በዓል ወደ ኢየሩሳሌም የሚወጣ ዕቃም አለ። ፔታህ ቲክቫ ከባሕር ጠለል በላይ 100 ሜትር የማይሞላ ከፍታ ያላት ሜዳ ናት፤ ኢየሩሳሌም ግን 750 ሜትር ገደማ ላይ ተቀምጣለች። ስለዚህ በ1 ቁጥር አውራ ጎዳና ላይ ያ ሁሉ ከፍታ ተወጥቶ፣ ማታ ደግሞ ያው ቁልቁለት ይወረዳል። አክስሉ ምን ያህል እንደሚሸከም ሳያውቁ ይህን መንገድ መሄድ ድፍረት ይጠይቃል።

አክስልን ለማወቅ የሚጀመረው ከሥሩ ገብቶ በማየት ነው። ጎማዎቹን የሚሸከመው ባሌስትራ ከሆነ፣ ማለትም ተደራርበው የታሰሩ የብረት ቅጠሎች ከታዩ፣ አክስሉ ቀጥ ያለ ቧንቧ ወይም አራት ማዕዘን ብረት ነው። ባሌስትራ ከሌለና ከቧንቧው ጫፍ አጭር ክንድ ወደ ኋላ ወጥቶ ጎማውን ከያዘ ደግሞ አክስሉ በውስጡ ጎማ የታመቀበት ነው፤ መንገድ ሲያነጥረው ክንዱ ይዞራል፣ በውስጥ ያለው የታመቀ ጎማ ይጠመዘዛል፣ ተመልሶም ይገፋል። አውሮፓ ውስጥ ይህን ዓይነት በብዛት ከሚሠሩት መካከል እ.ኤ.አ. በ1931 የተመሠረተው የጀርመኑ አልኮ እና ክኖት የተባለው ሌላው የጀርመን ኩባንያ ይገኙበታል። የአልኮው ቧንቧ ስድስት ጎን፣ የክኖቱ አራት ጎን በመሆኑ የአክስሉ መለያ ሰሌዳ ባይኖርም በእጅ ተዳስሶ መጠርጠር ይቻላል።

ሰሌዳው አብዛኛውን ጊዜ በቧንቧው መካከል ነው የሚለጠፈው። ከመንገድ የሚረጨው ጭቃ፣ ጨውና ጠጠር የሚያርፈውም እዚያው ላይ ነው። የሽቦ ብሩሽ ከመያዙ በፊት በውኃና በጨርቅ ቀስ ብሎ ማጽዳት ይሻላል፤ ፊደሉ የታተመው በስስ ቆርቆሮ ላይ ከሆነ ብሩሹ ይፍቀዋል። የፍሬኑ የኋላ ሳህንም ይታይ። በአልኮ ፍሬን ላይ 2051 ተብሎ ከተመታ ታምቡሩ 200 ሚሊ ሜትር፣ የፍሬን ሸራው ስፋት 50 ሚሊ ሜትር ነው፤ 1637 ከሆነ 160 በ35 ነው። እንዲህ ያለ አንድ ቁጥር ካልጠፋ ግማሹ ሥራ አለቀ ማለት ይቻላል።

ሁሉም ሲጠፋ ግን መንገዱ አንድ ነው፤ ጎማው የሚታሰርበትን ሞዞ መክፈት።

ተሳቢው በክሪክ ተነሥቶ በብረት መደገፊያ ላይ ይቆማል፣ ጎማው ይወልቃል። የሞዞዋ ቆብ በፕላስቲክ መዶሻ እየተቆረቆረች ትወጣለች። ከሥሯ ያረጀ ግራሶ አለ፤ ቀለሙ ብዙ ይናገራል። ቡናማና ለስላሳ ከሆነ ደኅና ነው፣ እንደ ወተት ከነጣ ውኃ ገብቶበታል፣ በጣት ሲታሽ የሚያብረቀርቅ የብረት ብናኝ ካለው ኩሽኔቱ ራሱን እየበላ ነው። ዳዶውን የምትቆልፈው ስፒና ትቀናና ትመዘዛለች፣ ዳዶው ይፈታል፣ ሞዞውም ወደ ራስ ሲሳብ ትንሹ የውጭ ኩሽኔት እጅ ላይ ይወድቃል። ትልቁ የውስጥ ኩሽኔት ከግራሶ ማገጃው ጋር ሞዞው ውስጥ ይቀራል።

ከዚህ በኋላ የሚያስፈልገው ነጭ ጋዝ፣ ንጹሕ ጨርቅና የእጅ ባትሪ ነው። ሮለሮቹን የያዘው የውስጠኛው ክፍል ታጥቦ በብርሃን ሲዞር፣ በጠባቧ ጠርዝ ላይ ከፀጉር የቀጠነ ጽሑፍ ይታያል፦ ኤል 44649። ሞዞው ውስጥ ተጠቅጥቆ የቀረው ውጫዊ ቀለበትም የራሱ ቁጥር አለው፦ ኤል 44610። የአክስሉ መታወቂያ የተጻፈው እዚህ ነው። ሠሪው ቢጠፋ፣ ሰሌዳው ቢረግፍ፣ ተሳቢው አራት ጊዜ ቀለም ቢቀባ፣ ይህ ቁጥር በግራሶ ውስጥ ተጠብቆ ይቆያል።

ይህ ዓይነቱ ኩሽኔት ከመኪና በፊት የመጣ የጋሪ ልጅ ነው። ሄንሪ ቲምከን የተባለ ጀርመን የተወለደ ሰው በአሜሪካ ሴንት ሉዊስ ከተማ ሰረገላ ይሠራ ነበር። የሰረገላ ጎማ ኩርባ ሲዞር ወደ ጎንም እንደሚገፋ፣ ቀጥ ያለ ሮለር ደግሞ ይህን የጎን ግፊት እንደማይችል ያውቃል። ስለዚህ ሮለሩን አንድ ጫፉ ቀጭን፣ ሌላው ወፍራም አድርጎ፣ አዘንብሎ አስቀመጠው። የፈጠራ መብቱን ያገኘው እ.ኤ.አ. በ1898 ነው፤ ኩባንያውም በማግሥቱ ዓመት ተመሠረተ። ዛሬ ስጉላ ውስጥ ከተሳቢ ሞዞ የሚወጣው ኩሽኔት ከሐሳቡ አንድም አልተለወጠም።

ቁጥሩ ከተነበበ በኋላ ትርጉሙን ማግኘት ቀላል ነው። ኤል 44649 የሚገባበት የአክስል ጫፍ ውፍረቱ 26.988 ሚሊ ሜትር ነው፣ በኢንች አንድ ከአንድ አሥራ ስድስተኛ። ውስጥም ውጭም ይኸው ኩሽኔት ከሆነ አክስሉ በአሜሪካ አቆጣጠር ለ2,000 ፓውንድ፣ ማለትም 907 ኪሎ ገደማ የተሠራ የመሆን ዕድሉ ሰፊ ነው። የውስጡ ኤል 68149፣ የውጩ ኤል 44649 ከሆነ ደግሞ 3,500 ፓውንድ ወይም 1,588 ኪሎ ገደማ የሚባለው በጣም የታወቀው አክስል ነው። ቁጥሩ 30205 ወይም 30206 ከሆነ የሜትሪክ ኩሽኔት ነው፤ የመጨረሻዎቹ ሁለት አኃዞች በአምስት ሲባዙ የጫፉን ውፍረት ይሰጣሉ፣ 25 እና 30 ሚሊ ሜትር።

እዚህ ላይ ቆም ማለት ያስፈልጋል፤ ገንዘብም ሰውም የሚጠፋው በዚህ ቦታ ነውና። ኤል 44643 የሚባል ወንድም ኩሽኔት አለ። ከኤል 44649 ጋር አንድ ዓይነት ውጫዊ ቀለበት ውስጥ ይገባል፣ በዓይን አይለይም፣ በመደብር መደርደሪያ ላይም ጎን ለጎን ይቀመጣል። ቀዳዳው ግን 25.4 ሚሊ ሜትር ነው። በአንድ ተኩል ሚሊ ሜትር ስለሚጠብ አይገባም፤ ገዢው ተመልሶ ይለውጠዋል፣ ጉዳቱ የመንገድ ድካም ብቻ ነው። ተንኮለኛው ሌላው ነው። አክስሉ የሜትሪክ ሆኖ ጫፉ 25 ሚሊ ሜትር ሲሆን፣ 25.4ቱ ኩሽኔት ያለ ምንም ችግር ይገባበታል። እንዲያውም ከትክክለኛው ይልቅ ቀሎ ይገባል። ያቺ 0.4 ሚሊ ሜትር ክፍተት ግን ኩሽኔቱ በጫፉ ላይ እንዲንከባለል ታደርገዋለች፣ ብረቱን ትበላለች፣ ታግላለች፤ ከዚያ በኋላ የሚለወጠው ኩሽኔቱ ብቻ አይሆንም።

የኤል 68149 ነገር ከዚህም ይብሳል። ይህ ኩሽኔት ከሁለት ዓይነት ውጫዊ ቀለበት ጋር ይሸጣል። ኤል 68110 ስፋቱ 59.131፣ ኤል 68111 ደግሞ 59.974 ሚሊ ሜትር ነው። ልዩነቱ አንድ ሚሊ ሜትር አይሞላም። ትንሹን ቀለበት በትልቁ ሞዞ ውስጥ ያስገባ ሰው መዶሻ አላስፈለገኝም ብሎ ደስ ይለው ይሆናል። ቀለበት በሞዞ ውስጥ ተጠቅጥቆ እንጂ ተንሸራቶ መግባት የለበትም፤ በጣት ተገፍቶ ከገባ ተሳስቷል። ስለዚህ ሁለቱም ቁጥሮች፣ የውስጡም የውጩም፣ አንድ ሳይቀር ይጻፉ። ሲቀየሩም አብረው ነው የሚቀየሩት።

አንዳንዴ ጽሑፉ ራሱ ይጠፋል፤ ኩሽኔቱ ግሎ ጠቁሯል ወይም ዝገት በልቶታል። ያኔ ካሊፐር ይወጣል። ጫፉ የሚለካው ኩሽኔቱ በሚቀመጥበት ቦታ ነው፣ ከውጭም ከውስጥም፣ በየቦታውም በሁለት አቅጣጫ። ሁለቱ ልኬቶች ካልተስማሙ ጫፉ ሞላላ ሆኗል፣ ያ አክስል አብቅቷል። የግራሶ ማገጃው የሚቀመጥበትም ይለካል፤ ብዙዎች ይህን ይረሱና ሁሉም ተገጥሞ ካበቃ በኋላ ውኃ በዚያ በኩል ይገባል።

እ.ኤ.አ. ከ1990ዎቹ ወዲህ በተሠሩ ብዙ የአውሮፓ አክስሎች ላይ ግን ይህ ሁሉ ምርመራ አያስፈልግም፣ አይቻልምም። ኩሽኔቱ እንደ አንድ ዕቃ ታሽጎ የመጣ ነው፤ አይታጠብም፣ ግራሶ አይጨመርለትም። በአልኮ አክስል ላይ የሚያስረው ትልቁ ዳዶ በ290 ኒውተን ሜትር ይጠብቃል፣ አንዴ ከተፈታም ተመልሶ አይታሰርም፣ አዲስ ይገዛለታል። በቁልፉ ጫፍ ላይ ቧንቧ አስረዝሞ በግምት የሚያጠብቅ መካኒክ ከዚህ አክስል ቢርቅ ለሁሉም ይበጃል።

እዚህ ላይ አንድ የኢትዮጵያ ልማድ መነሣት አለበት። በአዳማ፣ በሻሸመኔ ወይም በባሕር ዳር ጎዳና የሚታየው የፈረስ ጋሪ ጎማው የመኪና፣ አክስሉም ከአሮጌ መኪና የተፈታ ወይም ከቁርጥራጭ ብረት የተበየደ ነው። የአዲስ አበባው ሶማሌ ተራ መለዋወጫ፣ ምናለሽ ተራ ደግሞ የተጣለ ብረት ያቀርባል፤ ኩሽኔት ካልገጠመ ቶርኖ ቤት ይኬድና ጫፉ ተልጎ ለተገኘው ኩሽኔት ይስተካከላል። ይህ ብልሃት ነው፣ ከዘመን ዘመንም የመጣ። ከጎንደር በስተሰሜን ባለችው ወለቃ የቤተ እስራኤል አንጥረኞች ማረሻውንና ማጭዱን ሲሠሩ እያንዳንዱን ለባለቤቱ ዕቃ በእጅ እያስተካከሉ ነበር፤ ከዚያ ሙያ ልጆች መካከል ዛሬ እስራኤል ውስጥ ብረት የሚበይዱና መኪና የሚጠግኑ አሉ። ማረሻ በመዶሻና በዓይን ይስተካከላል። ኩሽኔት ግን በሚሊ ሜትር መቶኛ ተለክቶ የመጣ ነው፤ ከጫፉ ላይ በቶርኖ የተላገው ብረት አቅሙን ቀንሶታል፣ ምን ያህል እንደቀነሰው ደግሞ የሚናገር ሰው የለም።

ልዩነቱ በፍጥነት ይገለጻል። የፈረስ ጋሪ በሶምሶማ በሰዓት 12 ኪሎ ሜትር ቢሄድ፣ ባለ 13 ኢንች ጎማ በደቂቃ 110 ጊዜ ገደማ ይዞራል። በሰዓት 90 ኪሎ ሜትር ከመኪና ጀርባ ሲጎተት ያው ጎማ በደቂቃ ከ800 ጊዜ በላይ ይዞራል። በጋሪው ላይ ዓመታት የሚቆይ የተላገ ጫፍ በአውራ ጎዳና ላይ ስንት ቀን ይቆይ ይሆን? ለጋሪ ብልሃት የሆነው ለተሳቢ ቁማር ነው። ስለዚህ አክስሉ ከተበላሸ ይተካ እንጂ ለኩሽኔቱ አይላግ።

ለመተካት ደግሞ ከኩሽኔቱ ሌላ የሚለኩ ነገሮች አሉ። በመጀመሪያ የጎማው ቡሎኖች አቀማመጥ። አራት ቡሎን ከሆነ ከአንዱ መሃል በሰያፍ ወደ ተቃራኒው መሃል ይለካል፤ 100 ሚሊ ሜትር ከሆነ የአውሮፓ፣ 101.6 ከሆነ የአሜሪካ ነው። አምስት ሲሆን ተቃራኒ የሚባል የለም። ከአንዱ ቡሎን መሃል እስከ ጎረቤቱ መሃል ይለካና ለ0.588 ይካፈላል። ለምሳሌ 67.2 ቢገኝ ክቡ 114.3 ሚሊ ሜትር ነው፣ 65.8 ቢገኝ 112 ነው። በሁለቱ መካከል ያለው የአንድ ሚሊ ሜትር ተኩል ያህል ልዩነት በሜትሮ አይያዝም፣ በካሊፐር እንጂ። 112 ሞዞ ላይ የ114.3 ቸርኬ በግድ የገጠመ ሰው ቡሎኖቹን አጣሞ ነው የገጠመው፤ ቸርኬው ይዞራል፣ ዳዶው ግን ቀስ በቀስ ራሱን ይፈታል። የቡሎኑ ጥርስም ይታይ። 12 ሚሊ ሜትርና ግማሽ ኢንች፣ ማለትም 12.7፣ በዓይን አንድ ይመስላሉ።

ቀጥሎ የአክስሉ ቁመና ይለካል። አንደኛው ልኬት ከግራ ሞዞ ፊት፣ ቸርኬው ከሚለጠፍበት ቦታ፣ እስከ ቀኙ ሞዞ ፊት ያለው ርቀት ነው። ሁለተኛው ከአንዱ ባሌስትራ መቀመጫ መሃል እስከ ሌላው መሃል። መደብር የሄደ ሰው እነዚህን ሁለቱን ሳይዝ ከሄደ ተመላልሶ ይደክማል። የቧንቧው ውፍረት፣ ክብ ወይም አራት ማዕዘን መሆኑ፣ ባሌስትራው ከአክስሉ በላይ ይሁን በታች፣ የባሌስትራው ስፋትና የቅጠሎቹ ብዛት ይመዘገባል። አክስሉ ከጠመመ ልኬቱን ከጠመመው ጎን መውሰድ አይገባም፣ ደኅናው ጎን ተለክቶ በእጥፍ ይሰላል።

ቧንቧው ላይ ክር ሲዘረጋ መካከሉ ትንሽ ወደ ላይ ጉብ ያለ ሆኖ ይገኛል። ብዙ ሰው ይህን አይቶ አክስሉ ጠሟል ይላል። ሲሠራ ነው እንዲህ የተደረገው፤ ጭነት ሲወርድበት ይስተካከልና ጎማው ቀጥ ብሎ መሬት እንዲይዝ። አዲሱ ሲገጠምም ጉብታው ወደ ላይ መሆን አለበት። ወደ ታች ከተገጠመ ጎማዎቹ ከላይ ወደ ውስጥ አዘንብለው የውስጥ ጠርዛቸውን ይጨርሳሉ፣ ያኔ ባለቤቱ ጎማ ሻጩን ይራገማል።

ከሁሉ የሚከብደው ጥያቄ ግን «ስንት ኪሎ ይችላል?» የሚለው ነው። የቧንቧው ውፍረት ብቻውን አይመልሰውም፤ የግድግዳው ውፍረት ከውጭ አይታይምና። መልሱ የሚገኘው በየክፍሉ ተጠይቆ ነው። ኩሽኔቱ የቱ ነው? ባሌስትራው? ጎማው? በጎማው ጎን ላይ ከስፋቱ ቀጥሎ የተጻፈው ቁጥር ክብደቱን ይናገራል፦ 84 ማለት 500 ኪሎ፣ 91 ማለት 615፣ 98 ማለት 750። ሁለት ጎማ 84 ቢሆኑ አንድ ቶን ነው፣ ከዚያ በላይ አክስሉ ቢችል እንኳ ተሳቢው አይችልም። ከሁሉ ዝቅተኛው ቁጥር ነው የሚገዛው፤ በፈቃዱ ላይ የተጻፈው ክብደት ደግሞ ከሱም በታች ከሆነ እሱ ይገዛል። ትልቅ አክስል አስገባሁ ብሎ ከፈቃዱ በላይ መጫን ሕገ ወጥ ነው፤ ወረቀቱ ከአክስሉ ጋር አያድግም።

ጭነትና አክስል ሳይመዛዘኑ ሲቀሩ የሚሆነውን የኢትዮጵያ ታሪክ ያውቀዋል። ዐፄ ቴዎድሮስ በ1860 ዓ.ም. በጋፋት የተሠራውንና 7 ቶን ገደማ የሚመዝነውን ሴባስቶፖል የተባለውን መድፍ ከደብረ ታቦር ወደ መቅደላ ሲያስወስዱ፣ ለጎማ የሚሆን መንገድ በገደሉ ላይ እየተቆረጠ፣ በመቶዎች የሚቆጠር ሰው ገመድ ይዞ እየጎተተ ወራት ፈጅቷል። በዳገት መጎተቱ አንድ ፈተና ነበር፤ በጂዳና በበሽሎ ቁልቁለት ያን ክብደት መግታት ደግሞ ሌላ። መድፉ ዛሬም መቅደላ አምባ ላይ ነው፤ ጋሪው ግን የለም።

የቁልቁለት ነገር ወደ ፍሬን ያመጣል። አሮጌው አክስል ፍሬን ካለው አዲሱም ይኑረው። የአውሮፓው ተሳቢ ፍሬን የሚይዘው ተሳቢው መኪናውን ከኋላ ሲገፋ ነው፤ አንገቱ ተጨምቆ ገመዱን ይስባል። በመሆኑም አንገቱና የአክስሉ ፍሬን የሚጣጣሙ መሆን አለባቸው፤ የአንዱን ሠሪ አንገት ከሌላው ፍሬን ጋር ማጋባት አንዳንዴ ፍሬኑ ከመጠን በላይ እንዲይዝ፣ አንዳንዴም እንዳይዝ ያደርገዋል። የአሜሪካው በኤሌክትሪክ የሚሠራ ከሆነ የሚጎትተው መኪና ውስጥ መቆጣጠሪያ ያስፈልገዋል። በታመቀ ጎማ የሚሠራው አክስል ደግሞ አይቆረጥም፣ አይበየድም፤ የብየዳው ሙቀት ውስጡ ያለውን ጎማ ያበላሸዋል። የውስጡ ጎማ ካረጀ፣ ማለትም ተሳቢው ባዶውን ቆሞ ክንዶቹ እንደተጫነ ተሳቢ ተዘርግተው ከተገኙ፣ አክስሉ በሙሉ ይለወጣል።

አዲሱን መግጠሙ፣ ልኬቱ ትክክል ከሆነ፣ የአንድ ጠዋት ሥራ ነው። በዩ ቅርጽ የተጠመዘዙት የባሌስትራ ቡሎኖች ግን አሮጌዎቹ አይመለሱም፤ አንዴ ጠብቀው ተስበዋልና አዲስ ይገዛላቸው። በሰያፍ፣ ከአንዱ ወደ ተቃራኒው እየተዘዋወሩ ይጠብቃሉ። ከመጠበቃቸው በፊት ከመጎተቻው አንገት መሃል እስከ ግራው የአክስል ጫፍ፣ ከዚያም እስከ ቀኙ ይለካል። ሁለቱ በ3 ሚሊ ሜትር እንኳ ከተለያዩ አክስሉ ይገፋና ይስተካከላል፤ አለዚያ ተሳቢው ቀኑን ሙሉ በጎን እየሄደ ጎማ ይፈጃል።

ኩሽኔቱ በእጅ መዳፍ ላይ ግራሶ ተይዞ፣ በሮለሮቹ መካከል በሌላው ጎን እስኪወጣ ይሞላል። ሞዞው እየዞረ ዳዶው ወደ 68 ኒውተን ሜትር ይጠብቃል፣ ይህም ኩሽኔቱን ያስቀምጠዋል። ከዚያ ሙሉ በሙሉ ይላላና በጣት ብቻ እስኪይዝ ተመልሶ ይታሰራል፤ አዲስ ስፒና ትገባለች። ጠብቆ የቀረ ኩሽኔት ይግላል፣ የላላ ይጫወታል፤ ልክ ሆኖ የታሰረ ሞዞ በእጅ ሲገፋ በነጻነት ይዞራል፣ ጎማው ከላይና ከታች ተይዞ ሲወዘወዝ ግን የሚጨበጥ ክፍተት የለውም። የጎማው ዳዶዎች ግማሽ ኢንች ከሆኑ ከ122 እስከ 163 ኒውተን ሜትር ይጠብቃሉ። ከተገጠመ በኋላ በ16፣ በ40 እና በ80 ኪሎ ሜትር ላይ እንደገና ይጠበቁ። ከስጉላ ወጥቶ 16 ኪሎ ሜትር ለመሙላት ቴል አቪቭ ደርሶ ትንሽ ማለፍ ይበቃል። የባሌስትራዎቹ ቡሎኖችም ከ80 ኪሎ ሜትር በኋላ አንዴ ይፈተሻሉ። ግራሶው በየዓመቱ ይታደሳል፣ ተሳቢው ብዙ ባይሄድ እንኳ።

ስለ ሕጉ አንድ ነገር። የተሰበረውን በተመሳሳይ መተካት ጥገና ነው። ፍሬን ወደሌለው መቀየር፣ ባለ አንድ አክስሉን ባለ ሁለት ማድረግ ወይም ሻንሲውን ቆርጦ ማስፋት ግን የመዋቅር ለውጥ ነው፣ የትራንስፖርት ሚኒስቴር ፈቃድ ይጠይቃል። ይህን በቴስት ቀን ለመርማሪው ለማስረዳት ከመሞከር አስቀድሞ መጠየቅ ይቀላል፤ የአደጋ ቀን ደግሞ የኢንሹራንሱ ሰው የሚጠይቀው ይህንኑ ነው።

አዲሱ አክስል ገና ንጹሕ ሳለ ሰሌዳውን ፎቶ አንሥቶ ከተሳቢው ፈቃድ ጋር ማስቀመጥ ይገባል። የኩሽኔቶቹ ቁጥር፣ የውስጡም የውጩም፣ የግራሶ ማገጃው ቁጥር፣ የቡሎኑ ክብ ስፋትና የሁለቱ ሞዞዎች ርቀት በማይለቅ ቀለም በሻንሲው የውስጥ ጎን፣ ጭቃ በማይደርስበት፣ ይጻፍ። ተሳቢው ሲሸጥም ለሚገዛው ሰው ይህን ማሳየት አይርሱ።